ራሱ የበቀለ አይቆጠርም

ችግኝ ይዞ ፎቶ የሚነሣ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። በየክረምቱ መሥሪያ ቤቱ ኮፍያና ቲሸርት አድሎ በአውቶቡስ ሲጭነን እኔ ጥርሴን አመመኝ፣ ወገቤን ያዘኝ እያልኩ እቀራለሁ። “ዛፍ የሚጠላ ሰው አንቺን አየን” ይሉኛል። ይበሉ። ዛፍ አልጠላም። ዛፍ በመውደዴ ምን እንዳየሁ ቁጭ ብዬ ላስረዳቸው ደግሞ ትዕግሥቱ የለኝም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ያደግሁት ጎባ ነው፤ ወደ ሳነቲ አምባ የሚወጣው መንገድ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰፈር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቧንቧ ነበረን፤ ነበረን ማለቴ ቆሞ ይታይ ነበር። ውሃ የምንቀዳው ከዳገቱ ሥር ከምትወጣ ምንጭ ነው፤ ቀጂዎቹም ሴት ልጆች ነን። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለውን ነገር ከመምህር በፊት ያስተማረኝ ጄሪካን ነው። ልጅ ሳለሁ ምንጯ ዓመቱን ሙሉ ትፈስስ ነበር። ከፍ ስል የካቲት ላይ መቅጠን ጀመረች። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ጭራሽ ጥር ላይ ደርቃ፣ እስከ ቶጎና ወንዝ ወርደን ከብት ከረገጠው ውሃ እየቀዳን መመለስ ሆነ። በልጉ፣ ኦሮሞዎቹ “ገና” የሚሉት ዝናብ፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ትልልቆቹ ሰማዩን ያዩና “እሱ ያውቃል” ይላሉ፤ በዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ነበር።

የሚሊኒየሙ ሞቅታ ገና አልበረደም። በየትምህርት ቤቱ ክበብ ይቋቋም ነበር፤ የኛ የባዮሎጂ መምህርም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቋመ። ወጣት ነው፣ የጊኒር ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም አልቆየም። ቲቸር ነበር የምንለው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ምድርን ሣለና ዙሪያዋን ብርድ ልብስ አለበሳት። “ሙቀቱ መውጫ አጣ ማለት ነው” አለን። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ “ታዲያ ጎባን ምነው ሳያለብሳት ቀረ?” ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈነዳው። የእኛን ብርድ የቀመሰ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። ሳቁ በረድ ሲል ግን አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና “እኛ ስንወልድ ልጆቻችን ምን ሊጠጡ ነው?” አለች። ቲቸር ጠመኔውን በጣቶቹ እያሸ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ከዚያ ቀን በፊት ውሃ መቅዳት ይሰለቸኝ ነበር እንጂ አያስፈራኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቲቸር ምንጯን እንያት ብሎ ዳገት ያወጣን። ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት ራቁቱን ነበር። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ ጠባቂ ሲጠፋ፣ አገር ምድሩ መጥረቢያ ይዞ ወጥቶ ጽዱንም ኮሶውንም እንዳወረደው ሁሉም ያውቃል፤ ግማሹ ሰፈር በዚያ እንጨት ነው ቤቱን የሠራው። የቀረውን ደግሞ የከብት ኮቴ ጨረሰው። መሬቱ የአንዲት ባልቴት ነው። ሰፈሩ ሁሉ አኮ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ሮቤና ሻሸመኔ ተበትነዋል፣ እሳቸው ጥቂት ላሞች ይዘው ወተትና ቅቤ እየሸጡ ይኖራሉ። ተዳፋቱ ካሎአቸው ነበር። ካሎ የሚባለው ለጥጃና ለደካማ ከብት ተከልሎ የሚያዝ ግጦሽ ነው። በበጋ ሌላው ቦታ ሁሉ ሲደርቅ ጥጆቹን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ቲቸር፣ እኔና ሌሎች የክበቡ ልጆች ሆነን ቤታቸው ሄድን። አኮ በረት እየጠረጉ ነበር። ቲቸር በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ካሎው ለጥቂት ዓመት ከብት ሳይገባበት እንዲያርፍ እንደምንፈልግ ነገራቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዩን።

“ጥጆቼን የት ላድርሳቸው? እናንተ ክፍል ውስጥ?”

“ሣሩን እኛ እያጨድን እናመጣልዎታለን፣ አኮ” አለ ቲቸር።

“ማን? ይቺ?” ብለው እጄን ያዙና መዳፌን ገለበጡት። “በዚህ እጅ?” ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ግን ሳቁን ተዉና “ምንጩ ይመለሳል?” አሉ።

“አፈሩ ውሃ መያዝ ሲጀምር ይመለሳል።”

“ኢንሻአላህ በል።”

“ኢንሻአላህ።”

“መሬቱስ? የእኔ እንደሆነ ይቀራል?”

ቲቸር ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ “የእርስዎ ነው እንጂ። ማን ይነካብዎታል?” አለ። ከልቡ ነበር። ዛሬም ድረስ ስለዚያች ንግግሩ አልጠረጥረውም።

አኮ እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። በግራና በቀኝ የሚኖሩት ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው የተራቆተ ተዳፋት ነበራቸውና ቲቸር እነሱንም ጠይቋቸው ነበር፤ “መጀመሪያ የእሷን እንይ” አሉ። ሞኝ አይደሉም። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የአካባቢው ሽማግሌዎች ካሎው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ የማንም ከብት እዚያ እንዳይገባ ተናገሩ። በነጋታው እኛ እሾህ ቆርጠን ዙሪያውን አጠርን። ከዚያ በኋላ እኔ የጠበቅሁት ጉድጓድ ቆፍረን ችግኝ እንደምንተክል ነው። ቲቸር “ምንም አንተክልም” አለን። ዘሩ ከላይ ካለው ጫካ በነፋስ ይመጣል፣ ወፍ ይጥለዋል፣ ከአፈር ሥር የቀረ ሥርም አለ፤ የእኛ ሥራ ከብት እንዳይገባ ማድረግ ነው አለ። ተናደድሁ። ዓለምን ላድን የመጣሁ ሰው ነበርኩ እኮ፤ አጥር ጠብቂ ተባልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማጭድ ይዘን እንወጣለን። የከተማ ልጆች ነን፤ መጀመሪያ ሰሞን ከሣሩ ይልቅ የቆረጥነው ጣታችንን ነው። አኮ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያሾፉብናል፤ “ሣሩን ነው እየላጫችሁት ወይስ እያሻሻችሁት?” ይላሉ። ሸክሙን በረት ድረስ አድርሰን ጥጆቹ አፋቸውን ሲከቱበት ማየት ግን ደስ ይላል። ከመመለሳችን በፊት እርጎ ያጠጡናል። የእናቴን እጅ ያህል የማውቀው ቤት ሆነ። የመጀመሪያው በጋ ግን ከበዳቸው። ያጨድነው ሣር አልበቃም፤ አንዷን ጊደር ሸጠው ጭድ ገዙ። አንድ ቀን እንኳ አጥሩን ከፍተው ጥጃ አላስገቡም። ቃል ሰጥቻለሁ አሉ፣ በቃ።

ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ተዳፋቱ መልኩ ተለወጠ። መጀመሪያ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ አሜጃ መጣ፣ አስታ መጣ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሣር ሳጭድ ማጭዴ ሊነካት የነበረች፣ ቅጠሏ ገና ጠጉራም የሆነች የኮሶ ቡቃያ አየሁ። ልጆቹን ጠራኋቸው፤ መሬት ተንበርክከን ስንፈልግ ሌላም አለ፣ ሌላም። ጽድም ነበረ፣ እንደ እንስላል የሳሳ። ማንም አልተከላቸውም። ከዚያ በኋላ ማጨድ ሥቃይ ሆነ፤ እያንዳንዷን ቡቃያ በእጅ እየለየን ነበር የምናጭደው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ኮሶዎቹ ከእኔ ቁመት አልፈው ነበር።

ያን ዓመት ጥር ላይ ምንጯ ቀጠነች እንጂ አልተቋረጠችም። የካቲት ላይ አኮ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ ምንጯ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። “ውዱእ ነው፣ ለሶላት መታጠቢያ” አሉኝ፣ እንደማላውቅ ሁሉ። “በየካቲት ከዚህ ውዱእ መጨረሻ ያደረግሁት ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው።” እኔ ጄሪካኔን ሞልቼ ቤት እስክደርስ ፈገግታዬ ከፊቴ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ተምሬአለሁ፣ ተመርቄአለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ። በራሴ ሥራ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ግን የለም። ጎረቤቶቹም መጥተው አዩ። “እንግዲህ ሽማግሌ እንጠራለን” ብለው ከቲቸር ጋር ተነጋገሩ። ዳገቱ በሙሉ ሊታጠር ነው ማለት ነው።

ወሬው አንድ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። የትኛው ነው አትበሉኝ። አንድ ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣ፣ ካሜራ አንጠልጥሎ። ፎቶ አነሣን፣ ምንጯን አነሣ፣ ጭንቅላታችንን ደባበሰን። “ይህ ሞዴል ቦታ ነው” አለ። በሐምሌ ለችግኝ ተከላ ከላይ ታላላቅ እንግዶች እንደሚመጡና ወደዚህ እንደሚያመጣቸው ነገረን። ኮፍያ ይሰጣችኋል አለን። አቤት ደስታችን። እንግዶቹ መጥተው ሲያዩ በየወረዳው እንደዚህ ይደረግ ብለው እንደሚያዙ ታየኝ። እኔም በክበቡ ሰብሳቢነቴ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር እንዳነብ ተመረጥሁ። ንግግሩን ስጽፍ እናቴ “ምነው ልትዳሪ ነው እንዴ እንዲህ የምትጣደፊው?” ትለኝ ነበር።

እንግዶቹ ሊመጡ ቀናት ሲቀሩ ቅዳሜ እንደልማዳችን ማጭዳችንን ይዘን ወጣን። ገና ከታች ሆነን የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። እኔ ከጎረቤት መስሎኝ ነበር። ስንደርስ የእሾህ አጥሩ በአንድ በኩል ተገንጥሏል፣ ከሮቤ በመኪና የመጡ የቀን ሠራተኞች ከላይ ጀምረው በገጀራና በመጥረቢያ እየመነጠሩ ይወርዳሉ። ከኋላቸው ሌሎች ገመድ ዘርግተው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጉድጓዶቹ ቀጥ ያለ ረድፍ ይዘዋል። የተቆረጠው ኮሶ በየቦታው ተቆልሏል። ባለሙያው ገመዱን እያስተካከለ ነበር፤ ሲያየን ፈገግ አለ።

“ምን እየሠራችሁ ነው?” አልኩት።

“ቦታውን እያዘጋጀን ነዋ። እንግዶቹ የት ይትከሉ ታዲያ?”

“ዛፍ እኮ አለበት።”

“ቁጥቋጦ ነው።”

“ኮሶ ነው። ይኸው ጽድ።”

“ማን ተከለው?”

“ማንም። ራሱ ነው የበቀለው።”

“አየሽ” አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ዝቅ ብሎ። “ራሱ የበቀለ አይቆጠርም። ከእኛ የሚጠበቀው የተተከለ ነው። ይህን ያህል ጉድጓድ፣ ይህን ያህል ችግኝ። ራሱ የበቀለውን የት አድርጌ ሪፖርት ላድርገው? ደግሞ ከብት የማይገባበት፣ የታጠረ፣ ለመኪና መንገድ የቀረበ ቦታ ከዚህ ሌላ የለንም። አይዟችሁ፣ በእጥፍ እንተክላለን።”

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ለትንንሾቹ አደላቸው።

አኮ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሠራተኞቹ አንዱን ክንዱን ይዘውት ነበር። “ልጄ፣ ተው” ይሉታል። ልጁ ፊቱን አዞረ፤ “ታዝዘን ነው፣ አኮ” አላቸው። ወደ ባለሙያው መጡ። “መሬቱ የማን ነው?” አሉት። “የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ እማማ” አለ። “ሕዝብ ማለት ማን ነው?” አሉ አኮ። ባለሙያው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ መልሱን ቆመው ጠበቁት። እሱ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ሮጬ ቲቸርን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተነሥቶ ወደ ርእሰ መምህሩ ቤት ሄደ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር የተመለሰው። “ተይው” አለኝ።

“እንዴት ልተወው?”

“የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ወጥቷል። አሁን የሚናገር ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። እባክሽ ተይው።”

“አኮንስ ምን እንበላቸው? ማን ይነካብዎታል ያልካቸው አንተ ነህ።”

ዳገቱን መውረድ ጀመረ። ያን ቀን ጠላሁት። አሁን በእሱ ዕድሜ ላይ ሆኜ፣ ደመወዝ የሚጠብቅ ቤተሰብ ኖሮኝ ሳስበው ጥላቻው ለቆኛል። ንቀቱ ግን አለቀቀኝም፤ ምን ላድርግ።

የተከላው ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። መኪኖቹ ጭቃ እየረጩ ወጡ። ችግኙ ከቆላ ችግኝ ጣቢያ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ። የአገሩን ጽድ መንጥረው የፈረንጅ ጽድ ተከሉበት። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ጥቁሩን ፕላስቲክ ሳይቀዱ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጠው አፈር መለሱበት፤ ካሜራው እስካለፈ ድረስ ማን ግድ አለው። አኮን “አርአያ እናት” ብለው ከፊት አስቀመጧቸው። ሻሻቸው ላይ ኮፍያ ደረቡላቸው፣ ችግኝ አስያዟቸው። በገዛ ካሎአቸው ውስጥ እንግዳ ሆነው ችግኝ ይዘው ቆሙ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ትሑት ሽማግሌ ናቸው፣ ጎንበስ ብለው “እማማ፣ እዚህ ቦታ በፊት ምን ነበረበት?” አሏቸው በአማርኛ። አኮ አፋቸውን ሳይከፍቱ ባለሙያው “ባዶ ነበር፣ ክቡርነትዎ” አለ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ደረሰ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። እንኳን ደህና መጣችሁ አልኩ፣ የክበባችንን ዓላማ አነበብኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍሁት። “ይህ ቦታ ባዶ አልነበረም” አልኩ። “እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ኮሶና ጽድ ነበረበት። አኮ ጥጆቻቸውን እያስራቡ ያሳደጉት ነው። ለእናንተ ጉድጓድ ለመቆፈር ተቆረጠ።” ከዚህ በላይም ልል ነበር። መድረክ መሪው በፈገግታ፣ ቀስ ብሎ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደና ሙዚቃ ተለቀቀ። እንግዶቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አጨበጨቡ። ልጅ ተናገረች ተብሎ ይጨበጨባል እኮ፤ ምን እንዳልኩ የሰማ የለም፣ የሰማም እንዳልሰማ ሆነ። እኔ ደግሞ እየተጨበጨበልኝ አለቀስሁ፤ ያንንም ፎቶ አነሡት።

በሳምንቱ አባቴን ቢሮ ጠሩት። ልጅህ ፀረ ልማት አቋም ይዛለች፣ ቤትህ ምን እንደሚወራ እንጠራጠራለን አሉት። የምናውቀው ሰው ነው ያለው፤ እኔ ክርስትና የተነሣሁ ዕለት ቤታችን በልቶ የሄደ። አባቴ ሲመጣ ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና “እባክሽ ልጄ” አለኝ። አባቴ ከዚያ በፊት እባክሽ ብሎኝ አያውቅም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ክበቡ አዲስ ሰብሳቢ ተመረጠለት። ለትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ካሎው በሽቦ ታጠረ፣ ታፔላ ተተከለለት፣ ጥበቃ ተቀጠረለት። ከዚያ በኋላ አኮ እንኳን ጥጃ ማስገባት ሣር ማጨድም ተከለከሉ። ችግኙ ኅዳር ድረስ ቆየ። የቆላ ችግኝ ነው፤ የጎባ ውርጭ ሲመጣ በአንድ ሳምንት ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ቆሞ ደረቀ። ምንጯ በጥር ደረቀች። እኔም ጄሪካኔን ይዤ ወደ ቶጎና ወረድሁ።

በዚያው በጋ የአኮ ጥጃ ሽቦው ሥር ሾልኮ ገባ። ጥበቃው ይዞ ቀበሌ ግቢ አሰረው። አኮን አጅቤ ሄድኩ፤ ማንም አብሯቸው የሚሄድ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ወንበር አቀረበላቸው፣ በአክብሮት ነው ያናገራቸው።

“ጥጃው ችግኝ በልቷል፣ አኮ።”

“ደርቋል እኮ። ሄደህ እየው፣ አንድም እርጥብ የለም።”

“ቢደርቅም የተቆጠረ ነው” አለ ሊቀ መንበሩ። “በኋላ ሲቆጠር ቢጎድል ተጠያቂው እኔ ነኝ።”

አኮ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ምን ይላል ይሄ ሰውዬ እንዲሉ ጠበቅሁ፤ አላሉም። “ማል ጎና” አሉ ለራሳቸው፣ ምን እናድርግ እንደማለት። በሽማግሌ ልመና ጥጃው ተለቀቀ። ያለ ውሃና ያለ ሣር ታስሮ ሰንብቶ ስለነበር ግን ብዙም አልቆየም፤ ሞተ።

የሚቀጥለው ክረምት ሊገባ ሲል ያ ባለሙያ በሞተር ብስክሌቱ ዳገቱን ሲዞር ታየ። ሌላ ቦታ ይፈልጋል ተባለ፤ የታጠረ፣ ከብት የማይገባበት፣ ለመኪና የቀረበ። አኮን አይተው ተዳፋታቸውን ማጠር ጀምረው የነበሩት ጎረቤቶች ይህን ሲሰሙ የሚያደርጉትን አደረጉ። ቅዳሜ ዕለት ስወጣ ዳገቱ ሁሉ መጥረቢያ ነበር። አባወራው አጥሩ ውስጥ የበቀለውን ይቆርጣል፣ ሚስትየው ትጎትታለች፣ ልጆች ያቃጥላሉ። ከበስተጀርባቸው በሬ ተጠምዶ ዳገቱን ሽቅብ ያርሳል። እዚያ ተዳፋት ላይ ገብስ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ፣ አፈሩስ በአንድ ሁለት ክረምት የት እንደሚደርስ እነሱ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አኮም ነበሩ። ከካሎው ማዶ፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ ያልተወሰደችባቸው ቁራጭ መሬት ላይ ቆመው እዚያም ራሱ የበቀለውን የራሳቸውን ኮሶ ይቆርጣሉ። መጥረቢያው ከብዷቸዋል፤ ሁለቴ መትተው ያርፋሉ።

“አኮ፣ እርስዎም?” አልኳቸው።

“እኔም።” ቀና ብለው ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። “ለዛፍ አሳርፌ ያስቀመጥኩትን ወሰዱት። የታረሰ ግን አይነኩም። አይተሻል የታረሰ ሲነኩ?”

አላየሁም። ለመከራከር አፌን ከፈትኩ። አፈሩ ይታጠባል፣ ምንጯ ጨርሶ አትመለስም፣ ልጆቻችን ምን ይጠጣሉ ልላቸው ነበር። ግን በምን ፊት? እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀዋል።

“እንዳይወድቅብኝ፣ ነይ ያዢልኝ” አሉኝ ኮሶውን እያሳዩ። ያዝኩላቸው። እሳቸው ቆረጡ፣ እኔ ጎተትሁ፤ እስከ ቀትር ስንሠራ አንድም ሳይቀር ጨረስነው።

ገብሱ በሰኔ በቀለ። በዚያ ክረምት እውነትም ማንም አልመጣባቸውም።